ዶክተር ጆን ጊበንና የደም ውሃ ሒሳብ

የአንድ ጐልማሳ ሰው አካል ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጤነኛ ወንድ ቢወሰድ በአካሉ ውስጥ 42 ሊትር ያህል ውሃ ይገኛል። ከዚህም ሁለት ሦስተኛው በሕዋሳት ውስጥ የተዘጋ ነው፤ ከሕዋሳት ውጭ ከቀረውም ውስጥ በደም ሥሮች የሚዘዋወረው የደም ውሃ፣ ማለትም ፕላዝማ፣ 3 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ሦስት ሊትር ለግድብና ለውሃ መስመር መሐንዲስ ከቁጥር የሚገባ መጠን አይደለም፤ አንድ ባልዲ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ልብ ሥራውን እንዲተው ተደርጎ ደሙ ከአካሉ ወጥቶ በብረትና በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ዞሮ ሲመለስ፣ ከዚህች አነስተኛ መጠን ምን ያህሉ በአካሉ፣ ምን ያህሉ በመሣሪያው፣ ምን ያህሉስ ከደም ሥር አፈትልኮ በሥጋው ውስጥ እንዳለ ማወቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

የልብንና የሳንባን ሥራ ለመሣሪያ አስረክበው፣ የልብን ውስጥ ከፍተውና ጠግነው፣ በሽተኛን በሕይወት ለማትረፍ የበቁት የመጀመሪያው ሐኪም አሜሪካዊው ዶክተር ጆን ሄሻም ጊበን ናቸው። ስማቸው የሚነሳው ሁልጊዜ ከመሣሪያው ጋር ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን መሣሪያውን ለመሥራት እጃቸውን ከማንሳታቸው በፊት ውሃ በሰው ደም ሥር ግድግዳ በኩል እንዴት እንደሚያልፍ ተቀምጠው የለኩ ሰው መሆናቸው እምብዛም አይነገርም። የሕይወታቸው ሥራ ከዚህ ቢጀመር ይበልጥ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ጊበን የተወለዱት ሴፕቴምበር 29 ቀን 1903 በፊላዴልፊያ ከተማ ነው። አባታቸው በጀፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ ያስተማሩ የታወቁ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ፤ ሐኪምነት በቤተሰቡ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ሙያ ነበር። ልጅየው ግን በወጣትነታቸው ልባቸው ወደ ሥነ ጽሑፍ ያደላ ነበር። በ1923 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሕክምና ከጀመሩ በኋላ እንኳ በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቱን አቋርጠው ደራሲ ለመሆን አስበው ነበር። አባታቸው የጀመሩትን እንዲጨርሱ፣ ሐኪምነቱን ባይሠሩበትም ዕውቀቱ ለድርሰታቸው እንደማይጎዳ መክረው መለሷቸው። በ1927 ከጀፈርሰን ተመርቀው በፔንሲልቬኒያ ሆስፒታል ለሁለት ዓመት ሠሩ፤ ከዚያም ለምርምር ወደ ቦስተን ሄዱ።

በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በዶክተር ኤድዋርድ ቸርችል ሥር ሲሠሩ ያጋጠማቸው ሌሊት የሕይወታቸውን አቅጣጫ ለወጠው። የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ጥገና የወጣላት አንዲት ሴት እያገገመች ሳለች፣ በእግሯ ደም ሥር የረጋ ደም ተነቅሎ ሄዶ የሳንባዋን ደም ቅዳ ዘጋው። በዚያን ዘመን ይህን የረጋ ደም ለማውጣት ደረትን ከፍቶ ደም ቅዳውን መቅደድ የመጨረሻ አማራጭ ነበር፤ የሚተርፈውም በጣም ጥቂት ስለሆነ ሐኪሞች ሕመምተኛው ወደ ሞት አፋፍ እስኪደርስ ድረስ ይጠብቁ ነበር። ወጣቱ ዶክተር ጊበን ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው በየ15 ደቂቃው የልብ ትርታዋንና የደም ግፊቷን ሲመዘግቡ አደሩ። ሲነጋ የደም ግፊቷ ሲወርድ ቸርችል ደረቷን ከፍተው የረጋውን ደም በ6 ደቂቃ ተኩል ውስጥ አወጡት። ሆኖም ሴትዮዋ አልዳነችም።

በእነዚያ ሰዓታት ዶክተር ጊበን የተመለከቱት ነገር ቀላል ነበር። ደም መልሶቿ በጠቆረ ደም ተወጥረው ነበር፤ ከተዘጋው ማዶ ያሉት ደም ቅዳዎቿ ደግሞ እየጎደሉ ሄዱ። ከተወጠረው ወገን ጥቂት ደም ያለማቋረጥ ቢቀዳ፣ ከውጭ ኦክሲጅን ቢሰጠውና በጎደለው ወገን ቢመለስ ሴትዮዋ ጊዜ ታገኝ ነበር። ለመሐንዲስ ይህ የተዘጋን ቦይ በጎን መስመር ማለፍ ነው፤ ማንኛውም የውሃ ሥራ ባለሙያ የሚያደርገው ነው። ለዘመኑ ሐኪሞች ግን ሐሳቡ ከቅዠት የሚቆጠር ነበር።

በቸርችል ቤተ ሙከራ የምትሠራ ሜሪ ሆፕኪንሰን የምትባል የሙያ ረዳት ነበረች። በ1931 ተጋቡ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል የሥራው ታሪክ የሁለቱ ታሪክ ነው፤ ባለቤታቸው ሜሪ በሙከራው ጠረጴዛ ላይ ከዶክተር ጊበን ጋር እኩል የቆሙ፣ ውጤቱንም ባወጡባቸው ጽሑፎች ላይ ስማቸው አብሮ የሰፈረ ሴት ነበሩ።

ወደ ፊላዴልፊያ ሲመለሱ መሣሪያውን ወዲያው አልጀመሩም። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ከዶክተር ዩጂን ላንዲስ ጋር ሠሩ። ላንዲስ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ቢሆኑም ካፒላሪ በሚባሉት እንደ ጠጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት፣ ጫፉ ከዓይን በሚሰወር የብርጭቆ መርፌ በቀጥታ በመለካታቸው ስማቸው የታወቀ ነበር። ለመሣሪያው ሐሳብ ዶክተር ጊበንን ካበረታቷቸው ጥቂት ሰዎች አንዱም እርሳቸው ነበሩ።

የካፒላሪን ሥራ መነሻ ሕግ በ1896 ያወጡት እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ ናቸው። የካፒላሪ ግድግዳ ውሃንና ጨውን ያሳልፋል፤ እንደ አልቡሚን ያሉትን ትላልቅ የፕሮቲን ቅንጣቶች ግን በአብዛኛው ይከለክላል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ሁለት ኃይሎች ይታገላሉ። አንደኛው ልብ የሚሰጠው የደም ግፊት ሲሆን ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሁለተኛው በውስጥ የቀረው ፕሮቲን ውሃን የመሳብ ኃይሉ ነው፤ ይህም በጤነኛ ሰው 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ሥጋ አያብጥም፣ ደምም አይደርቅም። ጥቂት የሚያፈተልከውን የሊምፍ መስመሮች ሰብስበው ወደ ደም ይመልሱታል። የኋላ ዘመን ሊቃውንት በግድግዳው ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለውን ስስ ልባስ ሚና ጨምረው ይህን ሥዕል አሻሽለውታል፤ መሠረቱ ግን የስታርሊንግ ነው።

ላንዲስና ጊበን በ1933 ባወጡት ጥናት ይህን ነገር በእንስሳ ሳይሆን በሰው ክንድ ላይ ለኩት። ክንዱን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርገው፣ ከላይ በኩል ደም መልሶቹን በማጥበቂያ እያጨናነቁ፣ ክንዱ በመጠን ምን ያህል እንደሚጨምር በትዕግሥት መዘገቡ። የደም መልስ ግፊት ሲጨምር ወደ ሥጋ የሚያልፈው ፈሳሽም ይጨምራል፤ ክንዱ ሲሞቅ ይበልጣል፣ ሲበርድ ይቀንሳል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው ሌላው ውጤት ነበር፤ ፈሳሹ በሥጋ ውስጥ በተጠራቀመ መጠን የሥጋው ግፊት ራሱ እየጨመረ ቀጥሎ የሚመጣውን ይከላከላል። አካል የራሱ የማስተንፈሻ በር እንዳለው ግድብ ሆኖ ተገኘ። ከሃያ ዓመት በኋላ በሰው ላይ ለሚሠራ መሣሪያ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በ1933 ሊታወቅ አይችልም ነበር። መሣሪያውን የሠሩት ሰው ግን ደም በቧንቧ ውስጥ እንዳለ ውሃ እንዳልሆነ፣ ቧንቧውም ራሱ እንደሚያንጠባጥብ አስቀድመው የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

በ1934 ዶክተር ጊበንና ባለቤታቸው ለአንድ ዓመት ወደ ቦስተን ተመለሱ። ገንዘቡ አነስተኛ ነበር። ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በጥቂት ዶላር የአየር ፓምፕ ገዙ። የተቀረውን በብርጭቆ፣ በላስቲክና በብረት በራሳቸው እጅ ገጣጠሙት። ሰው ሠራሹ ሳንባ ቀጥ ብሎ የቆመና የሚሽከረከር ሲሊንደር ነበር፤ ደሙ በውስጠኛው ገጽ ላይ ሲፈስ በሽክርክሩ ኃይል ተገፍቶ እንደ ስስ ሽፋን ይዘረጋል፣ በዙሪያውም የኦክሲጅን ጋዝ አለ። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን የተባለ መድኃኒት በ1916 የተገኘ ቢሆንም ለሥራ በሚበቃ ንጽሕና መገኘት የጀመረው በዚያው በ1930ዎቹ ነበር፤ ሄፓሪን ባይኖር ኖሮ ስለዚህ መሣሪያ መነጋገርም ባላስፈለገ። ለሙከራው ድመት ያስፈልግ ስለነበር፣ ዶክተር ጊበን ማታ ማታ የዓሣ ሥጋና ጆንያ ይዘው በቦስተን ጎዳና ባለቤት የሌላቸውን ድመቶች ይይዙ ነበር።

የድመት ጠቅላላ ደም ከሁለት የቡና ስኒ ብዙ አይበልጥም። መሣሪያው ራሱ ከመጀመሩ በፊት በደም መሞላት ነበረበት፤ ያም ደም ከሌሎች ድመቶች መቀዳት ነበረበት። የፈሳሹ ሒሳብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ራሱን ያሳየው እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ ከደም መልስ የሚስበው ወደ ደም ቅዳ ከሚመልሰው ጥቂት ከበለጠ ድመቷ በመሣሪያው ውስጥ ትደማለች፤ ካነሰ ደግሞ ደም ሥሯ ይወጠራል፣ ውሃውም ወደ ሳንባና ወደ ሥጋ ይወጣል። ደም መልስ ግድግዳው ስስ ነው፤ በኃይል ቢሳብ ይጨፈለቃል፣ ፍሰቱም ይቋረጣል። በ1935 የሳንባዋ ደም ቅዳ ሙሉ በሙሉ የተዘጋባት ድመት በመሣሪያው እየታገዘች በሕይወት ቆየች። ባልና ሚስቱ በዚያን ዕለት በቤተ ሙከራው ውስጥ ተቃቅፈው እንደ ጨፈሩ ይነገራል። ውጤቱ በ1937 ታተመ፤ በ1939 ደግሞ ከመሣሪያው ከተላቀቁ በኋላ በሕይወት የቀጠሉ ድመቶች መኖራቸው ተገለጸ።

ከዚያ በኋላ ስላደረጉት አንድ ጥናት የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታል። በ1942 ዶክተር ጊበንና ባለቤታቸው የሳንባ ክፍል ተቆርጦ ለወጣላቸው እንስሳት ፕላዝማ ወይም ደም በብዛት ሲሰጥ በቀረው ሳንባ ውስጥ ውሃ እንደሚጠራቀም የሚያሳዩ ጽሑፎች አወጡ። የሳንባው የደም ሥር መረብ ሲቀንስ ግን የሚያልፈው ደም ሳይቀንስ ሲቀር ግፊቱ ይጨምራል፤ ከውጭ የሚጨመረው ፈሳሽም ሚዛኑን ይገለብጠዋል። ለበሽተኛ ደግ የሠራ መስሎ ፈሳሽ የሚያፈስ ሐኪም ሊያሰጥመው እንደሚችል ይህ ሥራ በግልጽ ያሳያል። ሳንባ የሚቆርጡ ሐኪሞች ዛሬም ይጠቅሱታል።

ጦርነቱ ሥራውን አቋረጠው። ዶክተር ጊበን በጦር ሐኪምነት በቻይና፣ በበርማና በሕንድ ግንባር አገለገሉ። በ1946 በጀፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰርና የምርምር ኃላፊ ሆነው ተመለሱ፤ ያን ጊዜ የነበራቸው መሣሪያ ለድመት እንጂ ለሰው የሚበቃ አልነበረም።

የሰው ልብ ዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ይገፋል። ለዚህ ያህል ደም ኦክሲጅን ለመስጠት የሚሽከረከረው ሲሊንደር ከመጠን በላይ መግዘፍ ነበረበት። ፓምፑ የደሙን ቀይ ሕዋሳት ሳይሰባብር መሥራት ነበረበት። ከሁሉ በላይ ግን ሚዛኑን የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ ያስፈልግ ነበር። ነገሩን በቁጥር ማየት ይረዳል። የሚወጣውና የሚገባው ፍሰት በመቶ 2 ብቻ ቢለያይ፣ በደቂቃ 5 ሊትር ከሚፈሰው ላይ ልዩነቱ 100 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ ለማንኛውም የኢንዱስትሪ ፓምፕ የሚያስመሰግን ትክክለኛነት ነው። በ26 ደቂቃ ግን 2.6 ሊትር ደም፣ ማለት የአንድ ሰው ጠቅላላ ደም ከግማሽ የሚበልጠው፣ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተዛውሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በዓይን እየተመለከቱ በእጅ ማስተካከል አይቻልም።

መፍትሔው የመጣው ከአንድ የሕክምና ተማሪ ነበር። ተማሪው የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሊቀ መንበር ከነበሩት ከቶማስ ዋትሰን ጋር የሚያገናኝ ሰው ያውቅ ነበርና ዶክተር ጊበንን አስተዋወቃቸው። ዋትሰን ጽሑፎቹን ካነበቡ በኋላ መሐንዲሶቻቸውንና ወጪውን ለመስጠት ተስማሙ። የመጀመሪያው መሣሪያ በ1949 ለጀፈርሰን ተሰጠ፤ ሁለተኛው ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ተከተለ። ከመሐንዲሶቹ መካከል ጉስታቭ ማልምሮስ ዋነኛው ነበሩ። በሰው ሠራሹ ሳንባ ግርጌ የሚጠራቀመውን የደም መጠን እየተከታተለ፣ መጠኑ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የፓምፑን ፍጥነት በራሱ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ሠሩ። ለመሐንዲስ ይህ በታንከር ውስጥ ያለውን ውሃ በተወሰነ ልክ ላይ የማቆየት ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሌላው ታንከር የሚተነፍስ፣ ግድግዳው የሚለጠጥ፣ የሚያፈስና የራሱ ፈቃድ ያለው ሰው ነበር። በመሣሪያው ያለው መጠን ከጸና በአካሉ ያለውም ይጸናል፤ ቢያንስ ከደም ሥር የሚያፈተልከው እስካልበዛ ድረስ።

የሲሊንደሩን ችግር ያቃለለው የሁለት ወጣት ሐኪሞች ምልከታ ነው። ደሙ በጸጥታ ሲፈስ ከላይ ያለው ብቻ ኦክሲጅን ያገኛል፤ ሲረበሽና ሲገላበጥ ግን እጅግ ይሻላል። ስለዚህ ደሙ ቀጥ ብለው በተሰቀሉ የሽቦ ወንፊቶች ላይ እንዲወርድ ተደረገ፤ ሽቦው ሽፋኑን ይዘረጋዋል፣ ያገላብጠዋልም። በውሻ ላይ በተደረገው ሙከራ የሚሞቱት ቁጥር በጣም እየቀነሰ ሄደ። ከዶክተር ጊበን ጋር የሠሩት ዶክተር በርናርድ ሚለርም በግራው የልብ ክፍል የሚጠራቀመውን ደምና አየር የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ ጨመሩበት።

በፌብሩዋሪ 1952 የመጀመሪያው ሙከራ በሰው ላይ ተደረገ። በሽተኛዋ የ15 ወር ሕፃን ነበረች። ሐኪሞቹ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ ብለው ነበር፤ ልቧ ሲከፈት ግን ቀዳዳ አልተገኘም። ሕፃኗ ሞተች። ከሞተች በኋላ ሲመረመር ችግሩ ከልብ ውጭ፣ ከመወለድ በኋላ መዘጋት ሲገባው ያልተዘጋ ትልቅ የደም ሥር መሆኑ ታወቀ። ስሕተቱ የመሣሪያው ሳይሆን የምርመራው ነበር፤ ይህ ግን ለቤተሰቧ ምን ይጠቅማል?

ሜይ 6 ቀን 1953 የ18 ዓመት ልጅ የሆነች የኮሌጅ ተማሪ ከመሣሪያው ጋር ተያያዘች። በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ነበራት፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ልቧ ደክሞ በተደጋጋሚ ሆስፒታል ገብታ ነበር። ለ45 ደቂቃ ከመሣሪያው ጋር ቆየች፤ ከዚህ ውስጥ ለ26 ደቂቃ የልቧና የሳንባዋ ሥራ ሙሉ በሙሉ የመሣሪያው ነበር። ዶክተር ጊበን ቀዳዳውን በሐር ክር ሰፍተው ዘጉት። ወደ መጨረሻው ላይ የሄፓሪኑ መጠን ሳይበቃ ቀርቶ በወንፊቶቹ ላይ ደም መርጋት ጀምሮ ነበር፤ ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። ልጅቷ ድና ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ከዚያም ለአሠርት ዓመታት ኖረች።

ዶክተር ጊበን ይህን ድል ለጋዜጦች ለመንዛት አልፈለጉም። ዝርዝሩንም ያወጡት በታላላቆቹ መጽሔቶች ሳይሆን በ1954 በሚኒሶታ የሐኪሞች መጽሔት ላይ ነበር።

በጁላይ 1953 ሁለት የአምስት ዓመት ልጃገረዶች ተከተሉ። የአንደኛዋ ልብ ደረቷ ሲከፈት፣ ከመሣሪያው ጋር ሳትያያዝ ቆመ። ከዚያ በኋላ በመሣሪያው ለሰዓታት ብትደገፍም ልቧ ሥራውን ሊይዝ አልቻለም። በሁለተኛዋ ላይ ከሚጠበቀው ቀዳዳ ሌላ በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ሌላ ቀዳዳ፣ ከዚያም ያልተዘጋ የደም ሥር ተገኘ። ልቧ ሲከፈት ከእነዚህ ሁሉ የሚመጣው ደም የሥራውን ቦታ አጥለቀለቀው፤ የሚሰፋውን ማየት አልተቻለም። በሒሳቡ ውስጥ ያልተመዘገበ ደም በማይታወቅ በር ገባ። መቆጣጠሪያው ሊያስተካክለው የሚችለው በሚያውቃቸው ቱቦዎች የሚያልፈውን ብቻ ነበርና። ይህችም ልጅ ሞተች።

ዶክተር ጊበን ችግሮቹ እስኪጠኑ ድረስ መሣሪያው ለአንድ ዓመት በሰው ላይ እንዳይሠራበት አደረጉ። ዓመቱ ካለፈ በኋላም ራሳቸው አልተመለሱበትም። ሃያ ዓመት የደከሙበትን ሥራ ከአንድ ድልና ከሦስት ሞት በኋላ መተዋቸው ድካም ነው የሚሉ አሉ። ከአራት ሕመምተኞች ሦስቱን የቀበረ ሐኪም ግን ሌላ ምን ማድረግ ነበረበት ብሎ መጠየቅም ይቻላል። መሣሪያውን አልደበቁትም። የሜዮ ክሊኒኩ ዶክተር ጆን ከርክሊንና ባልደረቦቻቸው ወደ ፊላዴልፊያ ሲመጡ ንድፉን በሙሉ ሰጧቸው፤ የሜዮ መሐንዲሶችም አሻሽለው ሠሩት። ከርክሊን ከማርች 1955 ጀምሮ በዚህ መሣሪያ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሕመምተኞች ቀደው አራቱን አተረፉ። በዚያው ጊዜ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዋልተን ሊለሃይ የሕፃኑን ደም በወላጁ አካል በኩል በማሳለፍ፣ ማለትም ወላጁን እንደ መሣሪያ በመጠቀም፣ በ1954 እና በ1955 ብዙ ልጆችን ቀደው ነበር። ያ ዘዴ ለአንድ ሕመምተኛ ሁለት ሰው አደጋ ላይ የሚጥል ስለነበር ብዙ አልቆየም። የጊበን መንገድ ቀጠለ።

መሣሪያው በየሆስፒታሉ ሲበዛ የደም ውሃ ጉዳይ በሌላ መልክ መጣ። የጊበን መሣሪያ የሚሞላው በሰዎች ደም ነበር፤ ለአንድ ቀዶ ጥገና ብዙ ደም ለጋሾች ያስፈልጉ ነበር፣ የብዙ ሰው ደም መቀላቀሉም ራሱ ጉዳት አመጣ። በ1960 በኦክላሆማ ከተማ ዶክተር ናዚህ ዙህዲ መሣሪያውን በደም ፈንታ በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ሞልተው መሥራት ጀመሩ። ደም ማቅጠን የሚባለው ይህ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በየቦታው ተለመደ። ዋጋው ግን ስታርሊንግ በጻፉት ሕግ የሚከፈል ነበር። 5 ሊትር ደም ባለው ሰው ላይ 1.5 ሊትር ፕሮቲን የሌለው ፈሳሽ ቢጨመር፣ የቀይ ሕዋሳቱ ድርሻ በመቶ 40 ከነበረ ወደ 31 ያህል ይወርዳል። ይህን አካል ይችለዋል፤ ደሙ ስለሚቀጥንም በቀላሉ ይፈስሳል። የፕላዝማው ፕሮቲን ግን በዴሲሊትር ከ7 ግራም ወደ 4.7 ይወርዳል። ላንዲስ በ1963 ከዶክተር ጆን ፓፐንሃይመር ጋር ባወጡት ቀመር ቢሰላ፣ ውሃን በደም ሥር ውስጥ የሚያቆየው ኃይል ከ25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወደ 14 ያህል ይቀንሳል። ፕሮቲኑ የቀነሰው በአንድ ሦስተኛ ሲሆን ኃይሉ የቀነሰው ወደ ግማሽ ነው። ጊበን በ1933 ክንድ ላይ የለኩት ያ ግድግዳ በሙሉ አካል ላይ ያንጠባጥባል።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ደም ከፕላስቲክና ከብረት ገጽ ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያሉት የመከላከያ ፕሮቲኖች ጠላት የገባ ይመስላቸዋል። የከርክሊን ባልደረቦች በ1981 ባወጡት ጥናት ይህ መነሣሣት በመሣሪያው ላይ ባሉ ሕመምተኞች ደም ውስጥ በልኬት ታየ። ውጤቱ የካፒላሪው ግድግዳ ራሱ መላላቱ ነው፤ ያን ጊዜ ፕሮቲኑም ከውሃው ጋር ያመልጣል። የሰውነት ቆጣቢ ቅመሞች በበኩላቸው ኩላሊት ውሃና ጨው እንዲይዝ ያዝዛሉ። ስለዚህ ሕመምተኛው ከቀዶ ጥገናው ሲወጣ ፊቱና እጁ አብጦ፣ ክብደቱ ጨምሮ ይታያል፤ በደም ሥሩ ውስጥ ግን ፈሳሽ ሊጎድለው ይችላል። አካሉ በውሃ ተሞልቶ ደሙ የሚጠማበት ሁኔታ ነው። ወጣት ሐኪም የደም ግፊቱ ሲወርድ አይቶ ፈሳሽ ይጨምራል፣ የጨመረውም ወደ ሥጋና ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ጊበንና ባለቤታቸው በ1942 በእንስሳ ላይ ያሳዩት አደጋ ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ግድግዳው ሲጠነክር ውሃው ወደ ደም ይመለሳል፣ ኩላሊትም ያስወጣዋል፤ ከሽንቱ ጋር ፖታሲየም አብሮ ስለሚሄድ የልብ ምት እንዳይዛባ መጠበቅ ያስፈልጋል።

አደጋው ከሁሉ የሚከፋው በሕፃናት ላይ ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን አዲስ የተወለደ ልጅ ጠቅላላ ደሙ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቱቦዎቹን ለመሙላት የሚያስፈልገው ፈሳሽ የልጁን ደም ሊያህል ወይም ሊበልጥ ይችላል። ለዚህ የተገኘው ዘዴ የማጣሪያ ሥራ ነው። በ1991 የለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች ቀዶ ጥገናው አልቆ ልጁ ከመሣሪያው ሳይላቀቅ፣ ደሙን በረቂቅ ማጣሪያ በኩል በማዞር የተጨመረውን ውሃ መልሶ የማውጣት ዘዴ አሳወቁ። ውሃውና ጨው ያልፋል፤ ሕዋሳቱና ፕሮቲኑ ይቀራሉ። ሰው ሠራሹ ማጣሪያ የካፒላሪን ግድግዳ መስሎ የተሠራ፣ ግፊቱ ግን በሐኪሙ እጅ ያለ መሣሪያ ነው።

ዶክተር ጊበን ከ1953 በኋላ ወደ ሳንባ ቀዶ ጥገናና ወደ ማስተማር ተመለሱ። በ1962 ስለ ደረት ቀዶ ጥገና ያዘጋጁት ትልቅ መጽሐፍ ወጣ። በ1968 የላስከር ሽልማትን ተቀበሉ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1967፣ ከሥራቸው በጡረታ ተሰናብተው ነበር፤ ጊዜያቸውን ሥዕል በመሣልና በእርሻ ቤታቸው አሳለፉ። በዚያው በ1967 በክሊቭላንድ ከተማ አርጀንቲናዊው ዶክተር ሬኔ ፋቫሎሮ ከእግር በተወሰደ ደም ሥር የተዘጋውን የልብ ደም ቅዳ በጎን ማለፍ ጀመሩ።

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1973 ዶክተር ጊበን ቴኒስ በመጫወት ላይ ሳሉ ልባቸው ቆመ። ዕድሜያቸው 69 ነበር። የልብን ደም ቅዳ በጎን የማለፉ ቀዶ ጥገና በእርሳቸው መሣሪያ እየታገዘ ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።